ላፕቶፑን ይዤ ጎረቤት ያንኳኳሁ ሰሞን

በስዊድን ዋና ከተማ ዳርቻ ባለችው ሃሉንዳ፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ብቻዬን እኖራለሁ። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። በአንድ በኩል ስዊድንኛ ተናጋሪ ሐኪም ወይም የኮሙን፣ ማለትም የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ፣ በሌላ በኩል አማርኛ ተናጋሪ ሰው ይቀመጣሉ፤ እኔ መሀላቸው እገባለሁ። ድሮ በባቡር እየዞርን ነበር የምንሠራው፤ ጠዋት አልቢ ጤና ጣቢያ፣ ከሰዓት ደግሞ የከተማው ሌላ ጫፍ። አሁን አብዛኛው በቪዲዮ ሆኗል። የመኝታ ቤቴን በር ዘግቼ፣ ነጩን ግድግዳ ከኋላዬ አድርጌ፣ ማዳመጫዬን አጥልቄ ላፕቶፔ ፊት እቀመጣለሁ።

የዚህ ሥራ ደንብ ለማያውቀው ሰው ይገርማል። አስተርጓሚ የሚናገረው ልክ እንደ ተናጋሪው ሆኖ ነው። ሴትዮዋ “ጀርባዬን ያመኛል” ካለች እኔም በስዊድንኛ “ጀርባዬን ያመኛል” እላለሁ እንጂ “ጀርባዋን ያማታል” አልልም። ሐኪሙ “በጣም አዝናለሁ” ሲል እኔም በአማርኛ “በጣም አዝናለሁ” እላለሁ። የሰማሁትን ደግሞ ለማንም ማውራት አልችልም። ቀኑን ሙሉ “እኔ፣ እኔ” ስል እውላለሁ፤ ከዚያ ሁሉ “እኔ” ውስጥ አንዱም እኔ አይደለሁም። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናግሬ፣ የራሴን ግን አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። ይህ ግን ሥራው እስኪቋረጥብኝ ድረስ ታውቆኝ አያውቅም።

ብርዱ ሊሰበር ሲል ነበር፤ በረዶው ቀን ቀልጦ ማታ ተመልሶ የሚጠጥርበት፣ ሰው ሁሉ እንደ እርጉዝ ቀስ ብሎ የሚራመድበት ሰሞን። ለሕንፃችን አዲስ የኢንተርኔት መስመር ስለገባ ኩባንያው ለየቤቱ አዲስ ሩተር በካርቶን ላከ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል እያየሁ አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ። ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴ መብራት በራ። ስልኬ ወዲያው ተያያዘ። ያለ ማንም እርዳታ እንዲህ ያለ ነገር ስሠራ የመጀመሪያዬ ስለነበር ደስ አለኝ፤ ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር ማለቴንም አስታውሳለሁ።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሩተሩ ሆድ ላይ የተለጠፈውን የይለፍ ቃል አስገባሁ። “ተገናኝቷል” አለ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል “ኢንተርኔት የለም” የሚል ተጨመረ። ከተገናኘ እንዴት የለም? መልሼ አነበብኩት፤ ያው ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ሥራ ነበረኝ። የምንጠቀምበት ፕሮግራም ስልክ ላይ አይሠራም። ኢንተርኔቱን ከስልኬ ለላፕቶፑ ላጋራ ብልም ስልኬ አሮጌ ነውና እምቢ አለኝ። ሥራ ወደሚያከፋፍለው ቢሮ ደውዬ ነገሩን አስረዳሁ። “ምንም ችግር የለም፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን” አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ፤ ገና ተሰናብተን ሳንጨርስ “እንዲያውም ተገኝቷል” አለች። ደግነቷ ነው፤ እንዳልጨነቅ ብላ ነው። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ቆሜ ቀረሁ።

ለልጄ በድምፅ መልእክት ላኩለት። በመኸር ለሥራ ወደ ደቡቧ ከተማ ወደ ማልመ የሄደ አንድ ልጅ አለኝ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሱ በስዊድንኛ ጽፎ ይመልሳል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነን። ላፕቶፑም የእሱ ነበር፤ አዲስ ሲገዛ ለእኔ ተወልኝ።

“ሩተሩን አጥፍተሽ አብሪው” ብሎ ጻፈ።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። 

“አልሠራም።”

“ላፕቶፑንም።”

እሱንም አጠፋሁ፣ አበራሁ።

“ዋይፋዩን እንዲረሳው አድርጊና እንደ አዲስ አስገቢው።”

አደረግሁ። ያው ነው፤ ተገናኝቷል፣ ግን የለም። እንደገና መልእክት ስልክለት ስብሰባ ላይ መሆኑን፣ በኋላ እንደሚደውል ጻፈልኝ፤ ከጎኑ ልብ ጨመረበት። ያን ቀን አልደወለም። አልተቀየምኩም፤ የሥራን ነገር አውቃለሁ።

በማግሥቱ ለኩባንያው ደወልኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዘፈኑን እያዳመጥኩ ዕቃ አጠብኩ፣ ምስር ለቀምኩ። በመጨረሻ ድምፀ ለስላሳ የሆነች ሴት አነሳች። ከመሥሪያ ቤቷ ሆና መስመሬን አየችው። “ከእኛ በኩል ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ስልክሽም ይሠራል ብለሻል” አለች። በገመድ ላገናኘው እችል እንደሆን ጠየቀችኝ። ላፕቶፔ ከቀጫጭኖቹ ስለሆነ የገመድ ቀዳዳ የለውም። ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለችኝ፦

“እንግዲህ ጥፋቱ ከሩተሩ ይሁን ከላፕቶፑ መለየት አለብን። ሌላ ቤት ወስደሽ ሞክሪው። ወዳጅ ቤት፣ ዘመድ ቤት፣ የትም ይሁን። እዚያ ከሠራ ችግሩ ከሩተርሽ ነው፤ እዚያም ካልሠራ ከላፕቶፑ ነው።”

“እሺ” አልኳት።

“የምትወስጂበት ቤት አለሽ አይደል?”

“አለኝ” አልኩ፤ ቶሎ ብዬ።

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። የማን ቤት ልሂድ? እንዲህ ቀላል ጥያቄ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ብዙ ናቸው። እሑድ እሑድ በር ላይ እንተቃቀፋለን፣ “እንዴት ነሽ? ጠፋሽ እኮ” እንባባላለን፣ “እግዚአብሔር ይመስገን” እላለሁ። ማን ምን እንደሚሠራ፣ የማን ልጅ የት እንደሚማር አውቃለሁ። ግን ከመካከላቸው በሥራ ቀን፣ ሳልጠራ፣ ላፕቶፕ በብብቴ ይዤ ቤቱ ሄጄ “ዋይፋያችሁን አንዴ” የምለው ማንን ነው? አንዱን ቤት ሳስብ መንገዱ ይጠፋኛል፤ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ አላስታውስም። ሌላውን ሳስብ ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት ለለቅሶ መሆኑ ትዝ ይለኛል።

ሃግሴትራ የሚባል ሌላ ሰፈር አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ወደዚህ አገር እንደመጣን በስደተኞች መጠለያ አንድ ክፍል የኖርን፣ አንድ ካፖርት ተራ በተራ የለበስን ነን። ደወልኩላት። ገና ድምፄን ስትሰማ “ውይ የኔ እመቤት!” አለች። ነገሩን ነገርኳት።

“ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ይዘሽ ነይ እንጂ!” አለች። ወዲያው ግን ቀጠለች፦ “ዛሬ ግን… ዛሬ የጸሎት ቡድኑ እኔ ጋ ነው፣ ቤቱ ይሞላል። ነገ ደግሞ ልጄ ከነልጆቿ ትመጣለች። እስቲ ቆይ፣ ሐሙስ… ሐሙስ የጥርስ ሐኪም አለብኝ። ቅዳሜስ?”

“ቅዳሜ ጥሩ ነው” አልኳት።

“እንዲያውም ቅዳሜ ጠዋት ደውዪልኝ፤ ያኔ እንነጋገር።”

እንደማልደውል ሁለታችንም ያወቅን ይመስለኛል። የማንም ጥፋት አይደለም። ስሉሰን ጣቢያ ላይ ባቡር ቀይሮ መሄድ ነው፤ ባሕር መሻገር አይደለም። ግን መንገዱን ሳንሄድበት ከርመን፣ እኛው አርቀነዋል።

ዋይፋይ ያለው ቤተ መጻሕፍት የሚባል ነገር መኖሩን ያሰብኩት ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው “ሌላ ቤት” የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

ሥራ ከሌለ ቤቱ ምን ያህል ዝም እንደሚል ያየሁት በእነዚያ ቀናት ነው። ከዚያ በፊት በየሰዓቱ በስክሪኑ ሰው ይመጣልኝ ነበር፤ የሚያለቅስ፣ የሚቆጣ፣ የሚያስነጥስ። የማቀዝቀዣውን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ አሁን እሱ ሲያቆም እንኳ ልብ እላለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ገበያ ማዕከሉ ወርጄ ብርቱካን ገዝቼ፣ ገንዘብ ተቀባዩን “አመሰግናለሁ” ስለው ድምፄ ጎርንኖ ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ ያወጣሁት የመጀመሪያ ቃል ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

እንግዲህ ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ነው ሊፍቱ ውስጥ ከእኔ በታች የሚኖሩትን ሴትዮ ያገኘኋቸው። ዕድሜያቸው የገፋ ፊንላንዳዊት ናቸው። ለዓመታት ሊፍት ውስጥ “ሄይ” ተባብለናል፤ በዓል ሲሆን ደግሞ “መልካም በዓል”። ከዚያ ያለፈ የለም። እሳቸው ወረዱ፣ እኔ ቀጠልኩ። ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ አንስቼ በደረጃው ወረድኩ። ባስብበት አልሄድም ነበር።

ደወሉን ስጫን በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። በክፍተቱ አንድ ዓይን አየኝ።

“ውሃ እያንጠባጠበ ነው?” አሉ።

“አይደለም፣ አይደለም። ከላይዎ ነው የምኖረው።”

“አውቃለሁ። ታዲያ ምን ሆነሽ?”

በስዊድንኛ ትልቁም ትንሹም “አንተ፣ አንቺ” ነው የሚባለው፤ የእኔም አፍ እንደዚያው አለ። በሆዴ ግን “እርስዎ” እያልኩ ነበር የማወራቸው። ላፕቶፑን ከፍ አድርጌ አሳየሁና ችግሬን ተናገርኩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ቤት መሞከር እንዳለብኝ፣ ከአምስት ደቂቃ እንደማይበልጥ፣ ካልተመቻቸው ምንም እንዳልሆነ። ሳልተነፍስ አወራሁ። በሩ ተዘጋ። አለቀ ብዬ ዞር ልል ስል ሰንሰለቱ ሲወልቅ ሰማሁ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

“ጫማሽን አውልቂ” አሉኝ።

ቤታቸው የእኔው ቤት ነው፤ መስኮቱ፣ በሩ፣ ማሞቂያው ሁሉ እዚያው ቦታ። ዕቃው ብቻ የሌላ ሰው ነው። የልጅ ልጃቸው የገጠመላቸው ሩተር መስኮቱ ጋ ከአበባ ማሰሮ ጀርባ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው የይለፍ ቃሉን አንድ በአንድ አነበቡልኝ፣ እኔ ጻፍኩ። የፊንላንድ ዘዬ ባለው ስዊድንኛ ፊደል ይጠሩልኛል፣ እኔ በሐበሻ ዘዬ መልሼ እጠራላቸዋለሁ፤ አንዷን ፊደል መግባባት አቅቶን እሳቸው በጣታቸው አየር ላይ ጻፉልኝ።

“ተገናኝቷል” አለ ስክሪኑ። ከሥሩ “ኢንተርኔት የለም።”

“እዚህም አልሠራም” አልኳቸው።

“ጥሩ” አሉ። ገርሞኝ ቀና አልኩ። “ሩተርሽ ደህና ነዋ። ከላፕቶፑ ነው። አሁን አወቅሽ።”

ላፕቶፑን አጥፌ ልነሳ ስል ሳይጠይቁኝ ከምድጃው ላይ ብሉቤሪ ከሚባል የጫካ ፍሬ የተሠራ የሞቀ ሾርባ በኩባያ ቀድተው ፊቴ አኖሩ። እሳቸውም ያዙ። ጠጣን። እኛ አገር እንግዳ ፊት ዝም ማለት ነውር ነው፤ ወሬ ፈልጌ ስለ አየሩ አነሳሁ፣ “አዎ” አሉ። ስለ ሊፍቱ ቶሎ ቶሎ መበላሸት አነሳሁ፣ “አዎ” አሉ። ከዚያ ተውኩት። መስኮቱን እያየን ተቀመጥን። ከታች የመኪና ማቆሚያው በረዶ ጠቁሮ ይታያል። ከሰው ጋር ዝም ማለትና ብቻን ዝም ማለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እዚያ ወንበር ላይ ነው ያየሁት።

ስወጣ “ሲሠራ ንገሪኝ” አሉኝ።

በማግሥቱ ለኩባንያው እንደገና ደወልኩ። አሁን ያነሳው ሌላ ሰው ነበር፤ የደቡብ ስዊድን ዘዬ ያለው፣ የማይቸኩል ሰው። ሌላ ቤት ሞክሬው እዚያም እንዳልሠራ ነገርኩት። “ጎበዝ፣ ግማሹን ሥራ ጨርሰሽልኛል” አለ። ሴቲንግ ክፈቺ አለኝ፤ ከዚያ ይህን ተጫኚ፣ ከዚያ ይህን፣ ወደ ታች ውረጂ። ያየሁትን እየነገርኩት ወረድኩ።

“አድራሻ አሰጣጥ የሚል አለ?”

“አለ።”

“ከጎኑ ምን ይላል?”

“በእጅ ይላል። ከሥሩ ቁጥሮች አሉ።”

“አሃ!” አለ፤ ድምፁ ላይ ፈገግታው ይሰማል። ነገሩን አስረዳኝ። ማንኛውም ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ወደ አንድ ቤት ዋይፋይ ሲገባ ሩተሩን ቁጥር ይጠይቃል፣ ሩተሩም ይሰጠዋል። የእኔ ላፕቶፕ ግን ቁጥሩን ሰው በእጁ ጽፎበት ኖሮ አይጠይቅም፤ የያዘው ቁጥር ደግሞ ከድሮው ሩተር ጋር ብቻ የሚስማማ ነው። ለዚህ ነው ገብቶ ምንም የማያገኘው።

“አንድ ነገር ግን ገረመኝ” አለ። “ይህ ላፕቶፕ ከድሮው ሩተር ሌላ የትም አይሠራም ነበር። ሰው ቤት፣ ሆቴል፣ የትም ስትወስጂው አስቸግሮሽ አያውቅም?”

“ወስጄው አላውቅም” አልኩት።

“በጭራሽ?”

“በጭራሽ።”

የሆነ ነገር ሲጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ “በይ፣ ‘በእጅ’ የሚለውን ወደ ‘በራሱ’ ቀይሪና አስቀምጪ” አለኝ። ቀየርኩ። ትንሿ ምልክት ተሽከረከረች፣ ከዚያ “ኢንተርኔት የለም” የሚለው ጠፋ። ሥራ የሚከፋፈልበት ገጽ ተከፍቶ የሳምንቱ ቀጠሮዎች ተደረደሩ። አመሰገንኩት፤ ከሚገባው በላይ ሳላመሰግነው አልቀረሁም፣ ምክንያቱም “ሥራዬ ነው፣ ሥራዬ ነው” እያለ ነበር።

ልጄ ማታ ሲደውል ነገርኩት። ሳቀ። ተማሪ እያለ ለአንድ ጨዋታ ሲል እሱ ራሱ የጻፈው ቁጥር ነው፤ ረስቶታል። “ይቅርታ ማማ” አለ። እነዚያን ማታዎች አስታወስኩ፤ በሩን ዘግቶ ማዳመጫ አድርጎ በስዊድንኛና በእንግሊዝኛ እየጮኸ ሲጫወት፣ እኔ እራት ይዤ በሩ ላይ ስቆም። እሱ ግን ስለ ማልመ ዝናብ አወራኝ።

በሚቀጥለው ቀን ወደ ሥራ ተመለስኩ። የሰዎችን ጉዳይ አላወራም ብያለሁ፤ ይህች ግን የማንንም ገመና የማትነካ ስለሆነች ላውራት። አንድ የተከበሩ ሽማግሌና አንዲት ወጣት የኮሙን ሠራተኛ ነበሩ፤ ሽማግሌው የቤት ውስጥ እርዳታ ሊጠይቁ መጥተው ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ እኔ ፊታቸው ስክሪን ላይ ነኝ። ጥያቄው መሀል ላይ ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው “ልጄ፣ አገርሽ የት ነው?” አሉ። ደንቡ የተባለውን ሁሉ አስተርጉሚ ነው የሚለው፤ አስተረጎምኩ። ወርቃማ ፀጉር ያላት ሠራተኛዋ እሷን የጠየቁ መስሏት ደስ አላትና “የተወለድኩት ጌቭሌ ነው” አለች። እኔም በአማርኛ “የተወለድኩት ጌቭሌ ነው” አልኳቸው።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። “ጌቭሌ? ኧረ መልክሽስ የወሎ ነው!”

ይህንንም አስተረጎምኩ። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። ያን ጊዜ፣ ለራሴ ስናገር ደንቡ እንደሚለው፣ “አስተርጓሚዋ የምትለው አለ” ብዬ፣ ጥያቄው ለአስተርጓሚዋ እንደነበር አስረዳሁ። ልጅቷ እስኪበቃት ስቃ “መልሺላቸው እንጂ!” አለች።

“ደሴ ነው፣ አባቴ” አልኳቸው። 

“አላልኩም!” አሉ። ከዚያ “እዚህ ሰው አለሽ?” ብለው ጠየቁኝ።

“ልጅ አለኝ፤ ሩቅ ነው ያለው።”

“ፈጣሪ ይጠብቅልሽ።”

የተባባልነውን ለልጅቷ በስዊድንኛ ደገምኩላት። “ሩቅ ነው ያለው” የሚለው ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ ተናገርኩት። እሷም ዝቅ ብላ ወረቀቷን አየች። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ሄድን፤ ገላዎን ብቻዎን መታጠብ ይችላሉ ወይ የሚል ነበር።

ከሰዓት ወደ ታች ወርጄ የሴትዮዋን ደወል ተጫንኩ። ሰንሰለቱ አልነበረበትም።

“ሠራ” አልኳቸው።

“ምን ሆኖ ነው?”

እንደተነገረኝ አስረዳኋቸው፤ ግማሹ የገባቸው አይመስለኝም። ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ወደዚህ አገር የመጡ ጊዜ እሳቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንደገቡ፣ አንዲት ቃል ስዊድንኛ እንደማያውቁ፣ አለቃው በጣቱ እያመለከተ ያሠራቸው እንደነበር አወሩኝ። “አስተርጓሚ የሚባል ነገር አልነበረም” አሉ። “ለብዙ ጊዜ ከሰው ጋር አላወራሁም። በኋላ ለመድኩት።” ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቻቸው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ጊዜ እወርዳለሁ፤ እሳቸውም አንድ ጊዜ ቴሌቪዥናቸው እምቢ ብሏቸው ወደ ላይ መጥተው ነበር። አይቼላቸው አልቻልኩም፤ የልጅ ልጃቸው እስኪመጣ ጠበቁ። ብዙውን ቀን ግን ያው ነው። በሩን ዘግቼ፣ ማዳመጫዬን አጥልቄ እቀመጣለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ከታች ቴሌቪዥናቸው በወለሉ በኩል ይሰማኛል።